የቀለጠና የተፈጨ፦ በጄላቲን ምርመራ አነባበባችን ላይ የቀረበ ሂስ

ከተማሪዎች የላቦራቶሪ ሪፖርት ውስጥ የባክቴሪያ መለያ ሠንጠረዥ ያለበትን ገጽ የገለጠ ሰው፣ ከስኳር ምርመራዎቹ ጎን «ጄላቲን» የሚል ዐምድ ማየቱ አይቀርም። በዐምዱም ውስጥ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ተጽፎ ያገኛል። ምልክቱ ግን ብቻውን ነው። ቱቦው በስንት ዲግሪ ሙቀት ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ከመነበቡ በፊት ቀዝቅዞ እንደ ሆነ፣ ባክቴሪያ ያልተዘራበት ቱቦ አብሮ ቆሞ እንደ ነበረ የሚናገር ነገር የለም። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው ዝምታ ነው። ማንንም ለማሳፈር የተነሣን አይደለንም፤ የምንነቅፈው ልማድ የራሳችንም ልማድ ነውና።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ሙቀቱ፣ ቀኑና ማመሳከሪያው ሳይገለጽ የተጻፈ የጄላቲን ውጤት፣ በተለይም የመቀነስ ምልክት፣ ስለ ባክቴሪያው የሚመሰክር ይሁን ስለ ክፍላችን ብርድ የሚመሰክር ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በቆሰበር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የምንከተላቸው መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት በባሕር ወለል አጠገብ ለሚሠራ ሰው ነው፤ እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለን እንሠራለን።

ጄላቲን በወጥ ቤትና በላቦራቶሪ

ጄላቲን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቆሰበር ብርድ የቅልጥም መረቅ በድስት አድሮ ጧት ሲከፈት፣ ከላይ ስቡ፣ ከሥሩ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ የረጋ ነገር ይገኛል። እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይረጋል። ያ የረጋው ነገር ጄላቲን ነው። የሚገኘውም በቆዳ፣ በአጥንትና በጅማት ውስጥ ካለው ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን ነው። በኮላጅን ውስጥ ሦስት ክሮች እንደ ገመድ እርስ በርሳቸው ተገምደዋል፤ ሲቀቀል ግምዱ ይፈታና ክሮቹ በውሃው ውስጥ ይበተናሉ። ውሃው ሲበርድ ደግሞ ክሮቹ እዚህም እዚያም በከፊል እንደገና ይገመዱና ውሃውን በመካከላቸው ይዘው ይረጋሉ። ለምርመራ የምናዘጋጀው፣ ከመቶ 12 እጅ ያህል ጄላቲን ያለበት መረቅ 28 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል።

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጄላቲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ ውጭ ያወጣሉ። ፕሮቲን ሳይቈረስ ወደ ሴል ውስጥ ሊገባ ስለማይችል፣ ባክቴሪያው ምግቡን በደጅ ቈርሶ ነው ወደ ቤት የሚያስገባው። ረጅሙ ክር መጀመሪያ ወደ አጫጭር ቍራጮች፣ ቀጥሎም ወደ አሚኖ አሲዶች ይለወጣል። የተቈራረጠ ክር እንደገና ሊገመድ አይችልም። እንግዲህ የምርመራው ቁም ነገር በሁለት ግሦች ይጠቃለላል፤ የቀለጠ ይረጋል፤ የተፈጨ ግን አይረጋም። ይህን ልዩነት የማይጠብቅ አነባበብ ሁሉ ከንቱ ነው።

የምርመራው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስተምራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያን በረጋ ምግብ ላይ ለይቶ የማሳደግን ዘዴ በሎንዶን ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ሲያሳይ፣ ማርጊያው ጄላቲን ነበር። ዘዴው ታላቅ ነበረ፤ ሁለት ጉድለቶች ግን ነበሩበት። በሰው ገላ ሙቀት ጄላቲኑ ይቀልጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደግሞ በብርድም ቢሆን ይበሉታል። መፍትሔው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ከኮኽ ጋር ይሠራ የነበረው የዋልተር ሄስ ሚስት ፋኒ ሄስ፣ በጃቫ ኖረው ከነበሩ ጎረቤቶች የተማረችውን የባሕር ሣር ማርጊያ፣ ማለት አጋርን፣ እንዲሞክሩት አሳሰበች። ኮኽ በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባወጣው ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅስ የእርሷን ስም አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ጄላቲን ከማሳደጊያነት ተሽሮ፣ ጉድለቱ የነበረው መበላቱ የምርመራ ዘዴ ሆነ። ሌላው ጉድለቱ፣ ማለት መቅለጡ፣ ግን እስካሁን አብሮን አለ፤ ተማሪን የሚያሳስተውም እርሱ ነው።

ከኢንኩቤተር ወጥቶ ወዲያው የተነበበ ቱቦ

ከእኛ መካከል ቱቦውን ከ35 ዲግሪ ኢንኩቤተር አውጥቶ ወዲያው በማዘንበል «ፈሳሽ ሆኗል» ብሎ የመደመር ምልክት የጻፈ አለ። በዚያ ሙቀት ግን ምንም ያልተዘራበት ቱቦም ይፈስ ነበር። የተነበበው ኢንዛይም ሳይሆን ሙቀት ነው። ስለዚህ በ35 ዲግሪ የቆየ ቱቦ ሁሉ፣ ካልተዘራበት ማመሳከሪያ ጋር፣ በበረዶ ውሃ ውስጥ ወይም በማቀዝቀዣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆይ መነበብ የለበትም። ቱቦውንም መነቅነቅ አይገባም፤ ኢንዛይሙ ከላይኛው ክፍል ብቻ ጀምሮ እንደ ሆነ ፈሳሹ ከሌላው ጋር ይቀላቀልና ምልክቱ ይጠፋል።

መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቢሞቅ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱን የሚሰጠው ማመሳከሪያው ነው። በቆሰበር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆመው ያልተዘራበት ቱቦ ጠንክሮ ከረጋ፣ ቅዝቃዜው በቂ ነው፤ የተዘራበትን ማንበብ ይቻላል። ማመሳከሪያው ካልረጋ ግን ሌላው ሁሉ አይነበብም። ያለ ማመሳከሪያ የቀረበ የመደመር ምልክት ዳኛ ያላየው ክስ ነው።

በብርድ የተጻፈ የመቀነስ ምልክት

ከዚህ የሚከፋው የተቃራኒው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ማመሳከሪያውም አያጋልጠውም። በቆሰበር ማሞቂያ የሌለው ክፍል ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊትማ የባሰ ይቀዘቅዛል። ቱቦውን በጠረጴዛ ላይ አቁሞ በ48ኛው ሰዓት «አልፈሰሰም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እውነቱን ጽፏል፤ ሆኖም ባክቴሪያው ገና አላደገም ይሆናል። በሙቀትም ቢሆን ሁሉም እኩል አይፈጥኑም። ሴራሺያ ማርሴሰንስ ጄላቲንን ፈጥኖ ይፈጫል፤ ኢንተሮባክተር ክሎኤኬ ግን ዘግይቶ እንደሚያፈስስ የታወቀ ነው። ለዚህም ነው የጥንቱ የቱቦ ምርመራ አንድ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 14 ቀን እንዲጠበቅ የሚያዘው። የሁለት ቀን የመቀነስ ምልክት ሊነግረን የሚችለው «እስካሁን አልፈጨም» የሚለውን ብቻ ነው።

ታዲያ ሙቀቱን 35 ዲግሪ አድርጎ መገላገል አይቻልምን? ከሰው ቁስል ለተገኘ ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ ይህ ይስማማዋል። ከወተት፣ ከዘንገና ሐይቅ ውሃ፣ ወይም ከአዊ ደጋ አፈር ለሚገኙ ባክቴሪያዎች ግን ላይስማማ ይችላል። ፕሴውዶሞናስ ፍሉኦሬሴንስን እንውሰድ። ይህ ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ብርድም ያድጋል፤ የሚስማማው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ጄላቲንን ማፍሰሱም ከጥንት መታወቂያው ነው። በ35 ዲግሪ ግን በቅጡ ላያድግ፣ ቢያድግም ኢንዛይሙን በበቂ ላያወጣ ይችላል።

ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። ፕሴውዶሞናስ ፍሉኦሬሴንስ በጥሬ ወተት ውስጥ የሚያወጣቸው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞች ሙቀትን እጅግ የሚችሉ ናቸው። ወተቱ ሲፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ኢንዛይሙ ግን ከፊሉ ይተርፍና ወተቱን ቆይቶ ያመርረዋል ወይም ያበላሸዋል። አንድ ተማሪ ከደጋ ላም የታለበ፣ በብርድ ያደረ ወተት ወስዶ፣ በ35 ዲግሪ በሁለት ቀን አንብቦ «ፕሮቲን የሚፈጭ ባክቴሪያ አልተገኘም» ቢል፣ ጽሑፉ በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ይጠቅሰዋል፤ ወተት የሚሰበስብ ማኅበርም ሊያምነው ይችላል። ወተቱ ግን በዚያው ይመርራል። አንዲት ያልተብራራች የመቀነስ ምልክት የምታደርሰው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

በዚህ ረገድ ብርዳችን ጠላት ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባል። ተራ ኢንኩቤተር ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ስለዚህ በቆላ አገር 25 ዲግሪን ለመጠበቅ ማቀዝቀዣ ያለው ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። በቆሰበር ግን ክፍሉ ራሱ ከ25 ዲግሪ በታች ስለሆነ፣ ተራው ኢንኩቤተር በ25 ዲግሪ ያለ ችግር ይሠራል። በዚህ ሙቀት ደግሞ ጄላቲኑ ሳይቀልጥ ይቆያል፤ ባክቴሪያውም ያድጋል። ለቱቦ ምርመራ ከእኛ የተሻለ አየር ያለው አገር ብዙ አይደለም። መብራት በጠፋ ሌሊት ኢንኩቤተሩ ምን ያህል እንደ ቀዘቀዘ ለማወቅ ግን የሌሊቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር በውስጡ ማኖር ያስፈልጋል።

የግፊት መለኪያው የሚደብቀው ነገር

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ ከዘር በፊት ይጀምራል። መጻሕፍቱ «በ15 ፓውንድ ግፊት ለ15 ደቂቃ» ይላሉ። አሳባቸው 121 ዲግሪ ሙቀት ለማግኘት ነው። ነገር ግን በአውቶክሌቩ ላይ ያለው ተራ መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ በቆሰበር መለኪያው 15 ፓውንድ ሲያሳይ በውስጥ ያለው ሙቀት 116 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው ወደ 19 ፓውንድ መድረስ አለበት።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የባሲለስ ዘሮች ሙቀትን የሚችል ጠንካራ ቅርፊት ስላላቸው ከጎደለ ሙቀት ሊያመልጡ ይችላሉ። ከአመለጡትም ብዙዎቹ ጄላቲን የሚፈጩ ናቸው። ያን ጊዜ ተማሪው ኢሸሪኪያ ኮላይ ዘርቶ የፈሰሰ ቱቦ ያገኛል፤ የፈጨው ግን በምግቡ ውስጥ የተረፈው ባሲለስ ነው። በሌላ በኩል «እርግጠኛ ለመሆን» ብሎ ምግቡን ለረጅም ጊዜ የሚቀቅል ደግሞ የጄላቲኑን ክሮች በሙቀት ይቈራርጣቸዋል፤ እንዲህ ያለው ምግብ ባክቴሪያ ሳይነካው በቅጡ መርጋት ይሳነዋል። የጎደለውንም የበዛውንም የሚያጋልጠው አሁንም ያልተዘራበት ቱቦ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መሣሪያው በሠሪው ከተፈቀደለት ግፊት በላይ ማሳደግ ሕይወት ያስጠፋል። 19 ፓውንድ የማይችል ዕቃ ያለው ላቦራቶሪ፣ በ115 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሚለውን የታወቀ የቆየ ደንብ ይከተል፤ ከዚያም ምግቡን ሳይዘራበት ለጥቂት ቀን አቁሞ ይፈትነው።

ከምርመራው አቅም በላይ የሆነ ድምዳሜ

የመደመር ምልክቱ ትክክል በሆነበት ጊዜም ከሚገባው በላይ እናናግረዋለን። አንደኛው ስሕተት ስለ ቆዳ ነው። «ይህ ባክቴሪያ ጄላቲን ስለሚፈጭ ቆዳ ያበላሻል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ጄላቲን ግምዱ አስቀድሞ በእሳት የተፈታ ኮላጅን ነው። ያልተቀቀለው ቆዳ ግምድ ግን ለአብዛኞቹ ኢንዛይሞች አይበገርም፤ እርሱን የሚፈቱት እንደ ክሎስትሪዲየም ሂስቶሊቲከም ያሉ እውነተኛ ኮላጅኔዝ ያላቸው ናቸው። ጄላቲን መፍጨት ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለፍርድ አይበቃም። የቆዳ ጥያቄ ያለው ተማሪ በቆዳው ራሱ ላይ ይመርምር። የወተት ጥያቄ ያለውም እንዲሁ የወተት ፕሮቲን ያለበትን አጋር አብሮ ይጠቀም።

ሁለተኛው ስሕተት ስለ በሽታ ነው። በአፈር ውስጥ በሰላም የሚኖረው ባሲለስ ሰብቲሊስ ጄላቲን ይፈጫል፤ የታይፎይድ ባክቴሪያ ግን አይፈጭም። ስለዚህ ምልክቱ የክፋት መለኪያ አይሆንም።

ሦስተኛው ከስሕተትም በላይ አደጋ ነው። አሮጌ መጻሕፍት የአባ ሰንጋ ባሲለስ በጄላቲን ቱቦ ውስጥ ተገልብጦ የቆመ ጥድ መስሎ እንደሚያድግ በሥዕል ያሳያሉ። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ማንም ተማሪ ሊያየው መሞከር የለበትም። ከብትና ፈረስ በሚረባበት አገር በድንገት ከሞተ እንስሳ ናሙና ወስዶ በተማሪ ላቦራቶሪ መዝራት ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ነገሩ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

የትኛው ዘዴ ይሻላል

ከቱቦው ሌላ የቀረቡ ዘዴዎች አሉ። ፍሬዚየር በ1926 ያወጣው ጄላቲን ያለበትን አጋር በፔትሪ ሳሕን ላይ ዘርቶ፣ በኋላ የሜርኩሪ ክሎራይድ አሲድ ማፍሰስ ነው፤ ያልተፈጨው ጄላቲን ነጭ ሲሆን፣ በፈጪው ባክቴሪያ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ፈጣንና ለዐይን ግልጽ ነው። ነገር ግን ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ በላቦራቶሪ ገንዳ የፈሰሰው ሁሉ ከቦይ ወደ ወንዝ ይሄዳል። በእርሱ ፈንታ በውሃ ውስጥ እስኪጠግብ የሟሟ አሞኒየም ሰልፌት ይበቃልና፣ ሜርኩሪው ከመደርደሪያችን እንዲወጣ እንጠይቃለን።

ኮን በ1953 ያቀረበው ደግሞ ጄላቲንን ከከሰል ዱቄት ጋር አርግቶ በፎርማሊን ማጠንከር ነው። የጠነከረው ጄላቲን በ37 ዲግሪ ስለማይቀልጥ የቀለጠና የተፈጨ አይምታታም፤ ኢንዛይሙ ሲፈጨው የከሰሉ ብናኝ ወደ ታች ይዘቅጣል። ብልኀቱን እናደንቃለን። የከሰል ነገርማ በአዊ የሚያሳስብ አይደለም፤ በፋግታ ለኮማ ከሰል ማክሰል የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ሆኗል። የሚያሳስበው ፎርማሊኑ ነው፤ በደንብ ካልታጠበ ባክቴሪያውን ይገድልና ሐሰተኛ የመቀነስ ምልክት ይሰጣል። በራጅ ፊልም ላይ ባለው ጄላቲን የሚሠራው ዘዴም ፈጣን ነበር፤ ዳሩ ግን ሆስፒታሎች ፊልሙን በኮምፒዩተር ምስል እየተኩት ስለሆነ ማግኘቱ እያስቸገረ ነው።

ስለዚህ ለቆሰበር የምንመርጠው አሮጌውን ቱቦ ነው፤ በ25 ዲግሪ፣ እስከ 14 ቀን፣ በሦስት ጓደኞች ታጅቦ። አንዱ ምንም ያልተዘራበት፣ ሁለተኛው ባሲለስ ሰብቲሊስ የተዘራበትና መፍሰስ ያለበት፣ ሦስተኛው ኢሸሪኪያ ኮላይ የተዘራበትና መፍሰስ የሌለበት። ባሲለስ ሰብቲሊሱ ሳይፈስስ የተጻፈ የመቀነስ ምልክት ሁሉ ይሰረዝ።

በመጨረሻም የምንጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ከእንግዲህ በሪፖርቶቻችን የጄላቲን ዐምድ ውስጥ «በ25 ዲግሪ፣ በ14ኛው ቀን፣ ማመሳከሪያው ረግቶ፣ አልተፈጨም» ተብሎ ይጻፍ። ቦታው ጠባብ ከሆነ ከሠንጠረዡ በታች ይጻፍ። መምህራኖቻችንም እነዚህን ቃላት ያልያዘ ምልክት ሲያዩ፣ ውጤቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ እንዲመልሱት እናሳስባለን። እኛም ከዚህ ቀደም በሁለት ቀን አንብበን የጻፍናቸውን የመቀነስ ምልክቶች ከራሳችን ደብተሮች ጀምረን «ያልተረጋገጠ» ብለን ማረም አለብን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ነገር ቢኖር፣ ቱቦውን ዘርቶ፣ ቀኑንና ሙቀቱን ጽፎ የሚያርመንን ሰው በደስታ እንቀበላለን።